ባዶ አገልግል

ቂመኛ ነኝ። ይህን የምለው ለንስሐ ብዬ አይደለም፤ ሰው ቁመቱ ይህን ያህል ነው እንደሚለው ነው። ልጆቼ «እማዬ፣ አንቺ እኮ የጥንቱን ነገር ትላንት እንደተደረገ አድርገሽ ነው የምታወሪው» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? እኔ ደግሞ ተወግቻለሁም፣ ወግቻለሁም፤ ሁለቱንም አልረሳሁ።

ቤታችን ደብረ ብርሃን ዳር፣ ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ከከተማው በሚወጣበት በኩል ነበር። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው፤ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነኝ። የምነግራችሁ ቀን የዋለው በኅዳር፣ የገና ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። በኅዳር እኛ አገር ውርጩ ሌሊቱን ሣሩ ላይ አመድ ነስንሶ ያድራል፤ ረፋድ ላይ ግን ፀሐይዋ ጥሩ ናት፣ ሰማዩም አይዋሽም። ስለዚህ ባና የሚረገጠው በዚህ ወር ነው።

ባና መርገጥ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው። የበግ ጠጉር ይሸለታል፣ ይታጠባል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ሴቶች ይፈትሉታል፣ ከዚያ ሸማኔ ይሠራዋል። ከሸማኔ ቤት ሲመጣ ግን ገና ባና አይባልም፤ የሳሳ፣ ጣት የሚያሾልክ፣ ብርድ የማይመልስ ነገር ነው። ገንዳ ውስጥ ተከትቶ፣ ሙቅ ውሃ እየተጨመረበት ግማሽ ቀን ሙሉ በእግር ሲረገጥ ነው ጠጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ የሚወፍረው። እግር በበዛ ቁጥር ሥራው ይቀላልና የባና ቀን ጎረቤት ይጠራል፣ ድፎ ዳቦ ይጋገራል፣ ጨዋታና ዘፈን ይሆናል።

የዚያን ቀን እናቴ ድፎውን ጋገረች እንጂ ጎረቤት አልጠራችም። «እኛው እንበቃለን» አለች። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ባናው የእህቴ ነው፤ ለትዳሯ ብላ ሁለት ክረምት ሙሉ የፈተለችው ነው። ትዳሩ ደግሞ የለም። ጎረቤት መጥቶ ባናውን እየረገጠ እርስ በርሱ እንዲጠቃቀስ እናቴ አልፈለገችም።

ትዳሩ ለምን እንደቀረ ልናገር፤ ነገሬ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመዘዘው።

እናቴ አንዲት ባልንጀራ ነበረቻት። አንኮበር አብረው ያደጉ፣ በአንድ እንስራ ውሃ የቀዱ፣ በአንድ ሳምንት የተዳሩ ናቸው። እናቴ ወደ ደብረ ብርሃን ተድራ መጣች፤ እሷ እዚያው፣ ጎረቤላ አጠገብ ቀረች። በዓመት ሁለቴም ሦስቴም ትመጣና ታድራለች። እኔ እትዬ እያልኩ ጭኗ ላይ ነው ያደግሁት። እህቴ የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች ክፉ ትኩሳት ይዟት ሦስት ጊዜ ወደቀች አሉ፤ አረፋ ደፈቀች፣ ዓይኗ ተገለበጠ። እናቴ ለማንም ትንፍሽ ሳትል ልጇን አዝላ አንኮበር ሄደች፤ ከዚህች ባልንጀራዋ ጋር ሆነው ሁለት ሱባዔ ጸበል አስጠመቋት። ልጅቷ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ራስ ምታት እንኳ አታውቅም። ነገሩን የሚያውቁት አባቴ፣ እናቴና ያቺ ሴት ብቻ ነበሩ፤ እኔ እህቷ እንኳ አልሰማሁም ነበር።

እህቴ አሥራ አምስት ሲሞላት ከመዘዞ ደህና ቤት ያላቸው ሰዎች ለልጃቸው ጠየቋት። ልጁ አስተማሪ ነው፤ ኮት ይለብሳል፣ ሰው ሲያነጋግር ባርኔጣውን ያወልቃል። ሽማግሌ መጣ፣ ቀን ተቆረጠ። እናቴ ደስታዋን ለማን ታውራ? ለባልንጀራዋ ላከችላት። ወር ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ግቡ ቢባሉ አንገባም አሉ፤ ከደጅ እንደቆሙ፣ «የሚጥል በሽታ ካለበት ቤት አንጋባም፣ አትቀየሙን» ብለው ሄዱ። እናቴ እጇ ላይ የያዘችው ማንቆርቆሪያ ወደቀ። ከፋሲካ በኋላ አስተማሪው ሚስት አገባ ሲባል ሰማን። ማንን? የባልንጀራዋን ልጅ! የዚያችኑ የራሷን ልጅ! ማን እንደተናገረ ለማወቅ ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለገንም።

ወሬው ገበያውን ዞረው። እህቴ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ ስታልፍ ይንሾካሾካሉ። ሌላ ጠያቂ ድርሽ አላለም። እህቴ ግን አንድ ቀን አልቅሳ ተወችው፤ መፍተሏን ቀጠለች። እኔ ነኝ እርር ድብን ያልኩት። በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ፣ እንደ ሰው ልጅ ዕውቀትና ጤና መለመን ሲገባኝ፣ ያቺን ሴት አምጣልኝ ብዬ እሳል ነበር።

ስለቴ ሠመረ። በባናው ቀን መጣች።

ረፋድ ላይ ነው። አባቴ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ቀንበር ይጠርባል። እኔ ትልቁን የውሃ ጋን እሳት ላይ ጥጄ ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለው እማግዳለሁ። እናቴና እህቴ ባናውን ገንዳው ውስጥ እያነጠፉ ነበር። «ቤቶች! እንደምን አደራችሁ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ሳላይ አወቅኋት። አገልግል አዝላ በሩ ላይ ቆማለች። ከስታለች፤ ፊቷ ጠቁሯል። እግሯ ላይ ግን አዲስ ሸራ ጫማ አለ። አማቿ እንደገዛላት ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም። የእኛ አስተማሪ የገዛው ጫማ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

እናቴ ታባርራታለች ብዬ የማገዶ እንጨቴን ጨብጬ ጠበቅሁ። ወይ እናቴ! እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ሄደች፤ ሦስት ጊዜ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳሙ። «ደህና ነሽ? ቤት ደህና ነው? ከብቱ ደህና ነው?» ተባባሉ። ልጅሽስ ብላ ግን አልጠየቀቻትም።

«ትናንት ወጥቼ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አደርኩ» አለች ሴትዮዋ። አገልግሉን ከጀርባዋ አወረደችው። «ጭኮ ነው፤ ጾሙ ሳይገባ ትቀምሱት ብዬ።»

«ምን አደከመሽ» አለችና እናቴ ተቀበለቻት። አልከፈተችውም፤ ወስዳ መደቡ ላይ አስቀመጠችው።

«ጓዴ፣ እኔ የመጣሁት…» ብላ ሴትዮዋ ጀመረች።

«ጫማሽን አውልቂና ግቢ» አለቻት እናቴ ወደ ገንዳው እያመለከተች። «እግር ጎድሎናል።»

ሴትዮዋ ባናውን አየችው፣ ከዚያ እህቴን አየቻት፤ የማን እንደሆነ ገባት። ዞራ ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም። ሸራ ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አስቀመጠች፣ ቀሚሷን ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ወሸቀችና ገባች። ሦስቱም ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው መርገጥ ጀመሩ፤ እናቴ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው፣ እህቴ መሐል። ባዳ ቢያያቸው እንዴት የሚዋደዱ ቤተሰቦች ናቸው ይል ነበር።

ውሃ አፍሳሿ እኔ ነኝ። እንግዲህ እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው የሚሰጠው! ወግ ያለው አፍሳሽ የፈላውን ከቀዝቃዛ ጋር ደባልቆ፣ በክንዱ ሞክሮ ነው የሚጨምረው። በእናቴ በኩል እንደ ወጉ አደረግሁ። በእሷ በኩል ስደርስ ግን ቀዝቃዛውን ትንሽ እረሳዋለሁ። መጀመሪያ «እህ!» ብላ እግሯን አነሳች፤ ዓይን ለዓይን ተያየን። ዓይኗን መለሰችና እግሯን መልሳ አስገባች። አልተናገረችም። ስላልተናገረች ይበልጥ ተናደድኩና ቀጥዬ አባስኩት።

«ምን ነክቶሻል አንቺ? የሰው እግር እኮ ነው!» አለችኝ እህቴ፤ ራሷ ጎንበስ ብላ ከእንስራው ቀዝቃዛ ቀድታ በሴትዮዋ እግር ላይ አፈሰሰችበት። «ተቃጠሉ እትዬ?»

«አይ የኔ እናት፣ ደህና ነኝ» አለች። እህቴ እንዲህ ናት፤ እኔ የምነድባትን ሴት እግር ታቀዘቅዛለች።

ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ልትናገር ሞከረች። «ጓዴ፣ ንስሐ አባቴ…» ስትል እናቴ «እርገጪ እርገጪ፣ እንዳይቀዘቅዝ» ትላታለች። ትንሽ ቆይታ «እንግዲህ የሰው ልጅ ሲሳሳት…» ስትል «ጫፉን ጠበቅ አድርገሽ፣ እዚያ ጋ ቀጥኗል» ትላታለች። ሦስተኛ ጊዜ ገና አፏን ስትከፍት እናቴ የባና ዘፈን ጀመረች። እናቴ ዘፍና አታውቅም! ድምጿ እንደ አሮጌ በር ነው። አባቴ ከአጥሩ ሥር ቀና ብሎ አያት፤ መልሶ ቀንበሩን መጥረብ ያዘ። እኔ ያን ጊዜ ነው እናቴ የዋህ እንዳልሆነች የገባኝ። ሆዴ በደስታ ሞላ።

ባናው ወፍሮ ወጣ፤ አጥሩ ላይ ተሰቀለ። ምሳ ቀረበ፤ ድፎው ተቆረሰ። እናቴ እንግዳዋን ከአጠገቧ አስቀመጠችና ማጉረስ ጀመረች። «በሞቴ!» አንድ ጉርሻ። «እኔ ልሙት! አንድ ጉርሻ ያጣላል!» ሁለተኛ። «ሦስተኛውማ ወግ ነው!» አራተኛ፣ አምስተኛ። ሴትዮዋ አፏ ከሞላ እንዴት ትናገር? ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከጉርሻው ይሁን ከሌላ አላውቅም። ሲያልቅ ሌማቱን ልታነሳ የተነሳችውን እናቴን ቀሚሷን ይዛ እግሯ ሥር ተደፋች።

«ልጄ ነፍሰ ጡር ናት» አለች። «የበኩሯ ሞቶ ተወለደ። ይኸኛው ደግሞ አምስት ወሩ ነው። ንስሐ አባቴ ነገሬን ሰምተው፣ የበደልሻትን ሴት ሄደሽ ይቅር ሳታስብይ እኔ ጋ እንዳትመጪ አሉኝ። ስለ ማርያም ብለሽ። ስለ አንድ ልጇ ብለሽ።»

እናቴ ወደ ታች አየቻት።

«ምን በድለሽኝ?» አለቻት።

«አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«እኔ ምን አውቄ? በደልሽ ምን እንደሆነ ተናገሪውና ልስማው። ይኸው ልጄም እዚህ ቁጭ ብላለች፤ እሷም ትስማ።»

ሴትዮዋ ቀና ብላ እህቴን አየቻት። እህቴ ፍርፋሪ እየለቀመች ነበር። የሴትዮዋ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ያቺን ነገር ግን በልጅቷ ፊት ልታወጣት አልቻለችም። ለመዘዞ ሽማግሌዎች በተናገረች ጊዜ እኮ ምላሷ አልተሳሰረም ነበር! አንገቷን ደፋች።

«እንግዲያስ በደል የለማ» አለች እናቴ። «በደል ከሌለ ይቅርታ ከየት አመጣልሽ?»

ይህን ብላ ወደ መደቡ ሄደች። አገልግሉን ከፈተች፣ ጭኮውን ሰፌድ ላይ ገለበጠችው፣ ውስጡን በጨርቅ ጠረገችና ክዳኑን መልሳ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። ባዶውን። እኛ አገር ሰው ይዞት የመጣ ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ሌላ ቢጠፋ እፍኝ ቆሎ፣ እሱም ቢጠፋ አንድ ፍሬ ሽንኩርት ይጣልበታል። ባዶ ዕቃ የሚመለሰው ዳግመኛ አትምጣ ለሚባል ሰው ነው። እህቴ ደነገጠችና «እማዬ!» አለች። ሴትዮዋ አገልግሉ መቅለሉን በእጇ አወቀችው። ደረቷ ላይ አቅፋው፣ ጫማዋን አጠለቀችና «ደህና ዋሉ» ብላ ወጣች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እስከዛሬ እንደዚያች ቀን ጠጥቶ አያውቅም።

ደስታዬ ግን ባናው ጠብ ጠብ ማለቱን እስኪያቆም እንኳ አልቆየም። አባቴ መጥረቢያውን አስቀምጦ ገባ። ልጅ ሳለ ዳዊት የደገመ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም።

«አየሁሽ» አላት። «ሰማሁሽም።»

«ምን አጠፋሁ?» አለች እናቴ። «ይህችን ልጅ ቤት አስቀርታብኝ ሳለ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ብቻ ከእንግዲህ ማታ ማታ አባታችን ሆይ ስትይ፣ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል የሚለው ላይ ስትደርሺ ዝለይው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

እናቴ ተቀመጠችና ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ ዓመት ከመንፈቅ የያዘችውን ነው። እህቴ ሄዳ አቀፈቻት። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ እማዬ፣ እኔ ከተውኩት ቆየሁ» አለቻት። ሰማችሁ? ከተውኩት ቆየሁ! እኔ ጥርሴን ነክሼ የምጠብቅላትን እሷ ትታዋለች!

እናቴ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች። ከምሳ የተረፈውን ድፎ አወጣች፣ ከሁለት ገመሰችው፤ ግማሹን በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ሩጪ» አለችኝ። «እግሯ አይፈጥንም፣ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ትደርሺባታለሽ። 'እናቴ ይቅር ለእግዜር ብላለች፤ ዕቃሽን ባዶውን መልሼብሽ ነበርና ይኸው መሙያው። ልጅሽንም ማርያም በሽልም ታውጣት' በያት። ደግመሽ በይልኝ እስቲ።» ደገምኩላት። አንድም ቃል አልሳትኩም።

ሮጥኩ። ደረስኩባትም። መሻገሪያው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ሸራ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ወንዙ ውስጥ ነክራለች። እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ በርበሬ መስሏል። የእኔ ሥራ ነው። አገልግሉ አጠገቧ ተቀምጧል። የሩጫዬን ኮቴ ስትሰማ ዞረች፤ ስታየኝ ፊቷ በራ። እንደዚያ የበራ የሰው ፊት ከዚያ ወዲህ ያየሁ አይመስለኝም። ያ ብርሃን ነው ያበላሸው። ከስታና ጠቁራ ብትቀር ምናልባት ቃሉን በሰጠኋት ነበር። ደስ ሊላት ነው፣ ቤቷ ገብታ ልትተኛ ነው፣ እህቴ ግን ነገም ውሃ ስትቀዳ ይንሾካሾኩባታል ብዬ ሳስብ፣ ዳቦውን ነጠላዬ ሥር ሸጎጥኩት።

«ላከችሽ?» አለችኝ።

«አዎ፣ ልካኝ ነው።»

«ምን አለች? በይ ንገሪኝ የኔ እናት።»

«ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ ብላለች» አልኳት። «ብሞትም ለለቅሶዬ ቤቴ እንዳትገቢ ብላለች።»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አስቤ የመጣሁት ነገር አልነበረም፤ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ አገኘሁት። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። እግሯን ከውሃው አውጥታ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች፤ ቀስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

«እሺ» አለች። «እሺ ብላለች በያት።»

ተሻገረች፤ ዳገቱን ይዛ ስትሄድ አገልግሉ ጀርባዋ ላይ ሲወዛወዝ እያየሁ ቆየሁ። ከዓይኔ ስትሰወር ከቋጥኝ ሥር ቁጭ ብዬ ዳቦውን በላሁት። የእናቴን ይቅርታ ቆርሼ ቆርሼ በላሁት። ጠግቤ ሳበቃም በላሁ፤ ያልቻልኩትን ለቁራ በተንኩ። ጨርቁን አራግፌ አጣጥፌ ቤት ገባሁ።

«ደረስሽባት?» አለች እናቴ በሩ ላይ ቆማ።

«ደረስኩ።»

«ምን አለች?»

«መሬት ስማ አለቀሰች። ዕድሜ ይስጥልኝ በያት አለችኝ።»

እናቴ ፈገግ አለች፤ ባናውን በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ፣ «ደህና ወፍሯል» አለች።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። እናቴ ይቅር ብያታለሁና አሁን መምጣቱ የእሷ ነው ብላ ትጠብቃለች። ያቺ ደግሞ ተባርሬአለሁ ብላ ቀርታለች። ከአንኮበር በኩል ሰው በመጣ ቁጥር እናቴ እያዞረች ትጠይቃለች። ልጅቷ በሰላም ወንድ ልጅ ተገላገለች ሲባል ሰማን፤ እግዜር እንኳ ከእኔ ጋር አላበረም። «ለክርስትናው ትጠራኛለች» አለች እናቴ፤ ለሕፃኑ ብላ ትንሽዬ ባና አስፈተለች። ክርስትናው አለፈ። «ምነው ቀረች?» ስትለኝ፣ «አፍራ ነዋ» እላታለሁ። መጀመሪያ ከእልህ ነው ዝም ያልኩት፤ ኋላ ግን ፈርቼ ነው። ውሸት እንደ ባና ነው፤ በረገጥሽው ቁጥር ይወፍራል።

በዓመቱ እህቴን ከጣርማ በር የመጣ ሚስት የሞተችበት ሰው አገባት። ባናዋን በቅሎ ላይ ጭና ሄደች። ያ ሰው ስለ በሽታ ወሬ ሲነግሩት፣ «እኔ የምፈልገው የምትስቅ ሴት ነው» አለ አሉ። አምስት ወለደችለት፤ እስከዛሬም ትስቃለች። እህቴ የረሳችውን ነው እኔ የጠበቅሁላት።

እናቴ የሞተችው በሁለተኛው ዓመት ክረምት ነው። ደረቷን ይዟት ስምንት ቀን ተኛች። ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት፣ ሌሊት እየተነሳሁ እሳት ያነደድኩላት እኔ ነኝ። በስምንተኛው ቀን ረፋድ ዓይኗን ገለጠች፤ የምትመርቀኝ መስሎኝ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ያቺ ሴት ዛሬም አልመጣችም?» አለችኝ። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ይህን ሁሉ ከስንት ዓመት በኋላ ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው፣ «ሄደሽ የበደልሻትን ሴት ይቅር አስብያት» አሉኝ። ለእሷ የተባለችው ቃል መልሳ እኔን አገኘችኝ። ሴትዮዋ ግን ያን ጊዜ አፈር ከለበሰች ቆይታለች። ለንስሐ አባቴም ቢሆን ሁሉንም አልነገርኳቸው፤ የመሻገሪያውን ነገርኳቸው እንጂ የለቅሶውን አልነገርኳቸውም። እሱን አሁን ነው የማወጣው።

በሠልስቱ ቀን ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል፤ ዝናቡ ያካፋል። ሴቶቹ፣ «አንዲት ሴት ከአጥሩ ውጪ ቆማለች፣ ግቢ ብንላት አልገባም አለች» አሉኝ። ወጣሁ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ከራስ እስከ እግሯ ርሳ መንገዱ ላይ ቆማለች። ደረቷን ስትመታ ድምፅ የለውም። አሁን ጫማ አላደረገችም።

«አልገባም» አለችኝ ገና ሳልናገር። «ቃሏን አላፈርስም። ቀብሩንም ከሩቅ ሆኜ ነው ያየሁት።» አገልግሉን ዘረጋችልኝ። ያው አገልግል ነው፤ ከብዷል። «ለለቀስተኛው ነው። ከእኔ ነው አትበያቸው።»

ተቀበልኳት። ልመለስ ስል ነጠላዬን ያዘችኝ።

«ልጄ» አለችኝ፤ «ስትሞት አጠገቧ ነበርሽ አሉ። ስለ እኔ ያነሳችው ነገር ነበር?»

አሁንም ላድናት እችል ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው። ያን ጊዜ ግን በዓይኔ የመጣው ሌላ ነው፤ ስምንት ቀንና ሌሊት ያስታመምኳት እኔ ነኝ፤ እናቴ ግን የመጨረሻ ትንፋሿን ለዚህች ሴት ሰጠቻት። የእህቴን ባል ወሰደች፤ የእኔን ምርቃት ወሰደች። የእህቴ ቂም ውስጤ አልቆ ከሆነ፣ የራሴ ያን ሰዓት ጀመረ።

«ምንም» አልኳት። «ምንም አላነሳችም።»

ወደ ጓዳ ገባሁ፤ ዛሬም ያመጣችውን ጭኮ ገለበጥኩት። እህቴ በሐዘን ዓይኗ አብጦ ከጓዳው ጥግ ተቀምጣለች። «የማን ዕቃ ነው? ባዶውን እንዳትመልሺ፣ ከድፎው ጨምሪበት» አለችኝ። «እሺ» ብያት፣ ምንም ሳልጨምር ወጣሁ።

ሴትዮዋ እዚያው ቆማ ነበር። አገልግሉን ሰጠኋት። ክዳኑን ከፍታ ውስጡን አየችው፤ ዝናቡ ገባበት። ከዚያ መልሳ ከደነችውና «እሺ» አለችኝ።